መጠጥ አይደለችም፤ ሆድ መክፈቻ ናት

ፈሪ መሆኔን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ነጎድጓድ እፈራለሁ፤ ኢሉባቦር ተቀምጦ ነጎድጓድ መፍራት ደግሞ ከዓመቱ ስምንቱን ወር አልጋ ሥር መክረም ማለት ነው። የበቅሎ ኋላ እፈራለሁ፤ የበቅሎ ፊትም እፈራለሁ። የሶር ወንዝ ገደል ሲወርድ የሚያሰማውን ጩኸት እፈራለሁ፤ ከቤቴ ሩቅ ነው፣ ግን ነፋሱ ወደኛ ሲዞር የሰማሁ ይመስለኛል። ይህንን ወረቀት ስጽፍ እንኳ ፊደሌ ጠማማ ነው ብሎ ሰው ይስቅብኛል እያልኩ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ የኔታ ዘንድ ሲማሩ ከአጥሩ ወዲህ ተቀምጬ ጎመን እየቀነጠስኩ ነው። ጎመኑ ሲያልቅ ትምህርቱም አለቀ። እስከ «ገ» ድረስ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ከ«ጠ» ወዲያ ያለውን የምጽፈው በድፍረት ነው።

ታዲያ በዕድሜዬ ከፈራሁት ሁሉ አንዱ ይበልጣል። ትልቋን ልጄን አስካለን፣ ሳላስበው፣ ለማይሆን ሰው በሦስት መለኪያ የሰጠሁባት እሁድ ናት።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከስም ነው።

በእኛ ወገን ሴት ልጅ ስታገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። እናቷ ያወጣችላት ስም እዚያው እናቷ ደጅ ይቀራል። እኔም ከጎሬ ወደ መቱ በበቅሎ የመጣሁ ዕለት ስም ወጥቶልኛል። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእልልታው መካከል ተነሥተው ተናገሩት፤ እኔ ግን በሻሽ ተከናንቤ ስለምንቀጠቀጥ አልሰማሁትም። ማንም ደግሞ አልደገመልኝም። ምን ብለው ሰየሙኝ ብዬ እንዳልጠይቅ እፈራለሁ።

ከማግሥቱ ጀምሮ በቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ትጠራለች። ጠዋት ትጠራለች፣ ቀን ትጠራለች፣ ማታ ትጠራለች፤ አትመጣም። እኔም ጓዳ ተቀምጬ በልቤ «ምን ዓይነት ባለጌ ናት? አንድ ቀን እንኳ አቤት አትልም?» እላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደታዘብኳት ኖርኩ። በመጨረሻ ሙሽራዋ ደንቆሮ ናት ተባለና ጠበል ወሰዱኝ። ቄሱ ጆሮዬ ላይ ውሃውን እየለቀቁ «አንቺ እገሊት፣ ስሚ!» ሲሉ ነው ያቺ ባለጌ እኔ መሆኔን ያወቅሁት። «አቤት!» ብዬ ጮህኩ። ሕዝቡ እልል አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ጠበል ደንቆሮ ይፈውሳል ተብሎ ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ እኔም ደፍሬ እውነቱን ተናግሬ አላውቅም። ይኸው አሁን ተናገርኩ።

በልጅነት ስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች። እሷ ስትሞት ስሙም አብሮ የተቀበረ መሰለኝ።

ባለቤቴ ቡና ያስጭኑ ነበር። የእሳቸውን ስም እዚህም አልጽፍም፤ በሕይወታቸው ጠርቼው የማላውቀውን ስም በወረቀት ብጠራው ይገርማቸዋል። ከመቱና ከሁሩሙ የሰበሰቡትን ቡና በቅሎ ላይ አድርገው በጎሬና በቡሬ በኩል ቁልቁል ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መርከቡ ያወርዳሉ። አንድ ጊዜ ሲመለሱ ከጨውና ከአቡጀዲው ጋር አንድ ጥቁር ጠርሙስ፣ ደግሞም ስድስት ትንንሽ ብርጭቆዎች ይዘው መጡ፤ መለኪያ የምንላቸውን ዓይነት፣ ጣት የማያክሉ። የሰጣቸው ጎሬ ሱቅ የነበረው ግሪክ፣ ሙሴ ያኒ ነው።

«በእነሱ አገር ሰው ከመብላቱ በፊት ትንሽ ይጠጣል» አሉኝ።

«ከመብላቱ በፊት? ለምን?»

«ሆድ ለመክፈት።»

«ሆዳቸው ተዘግቶ ነው እንዴ የሚያድረው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ባሕር ማዶ ነው» አሉ።

የሙሴ ያኒ ሚስት የአገር ልጅ ናት። በሠርጋቸው ዕለት እሱ ከአገሩ የመጣለትን መራራ ጠርሙስ አቀረበ፤ እሷ ከነጭ ማር የበጠበጠችውን ብርዝ አቀረበች። የኔ ይቅደም፣ የኔ ይቅደም ተባብለው ተኳረፉ። ሲመሽባቸው ጊዜ ሁለቱንም እኩል በእኩል በአንድ ብርጭቆ አደረጉትና ጠጡ፤ ስሙንም «ባልና ሚስት» አሉት። ሌላ ምንም ጥበብ የለውም። ግማሽ መራራ፣ ግማሽ ብርዝ። መራራው ከበዛ ፊት ያስጨፍጋል፤ ብርዙ ከበዛ ዝንብ ይሰበስባል። የትኛው ባል፣ የትኛዋ ሚስት እንደሆነች ስጠይቅ ግን ባለቤቴ «እሱንማ ጠይቄው ነበር፤ እንደ ሳምንቱ ነው አለኝ» አሉ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሠራሁላቸው። አንዷን መለኪያ ቀስ ብለው ጠጡ፤ ጢማቸውን ጠረጉ። እኔ መሶቡን ይዤ ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠሩኝ። እናቴ ባወጣችልኝ ስም! ያንን ስም የሰሙት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የታጨሁ ለት፣ ከአባቴ አፍ። ያን ሁሉ ዓመት ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መሶቡን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «አቤት» ማለት አቃተኝና እንደገና ደንቆሮ ልባል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት ሳይቀመስ እሁድ አልፎብን አያውቅም። የግሪኩ ጠርሙስ ሲያልቅ አረቄ ውስጥ የትርንጎ ልጣጭና አንድ እንጨት ጌሾ ዘፍዝፌ የራሴን መራራ አወጣሁ። ጥሩ ሆነ። እሳቸውም በየእሁዱ አንድ አንድ ጊዜ ይጠሩኛል፤ በሌላው ቀን ግን እንደ ሰዉ ሁሉ በአማቴ ስም።

አሁን ወደ አስካለ ልምጣ።

አስካለን የፈለገው ተሾመ የሚባል የቡሬ ልጅ ነው፤ ኬላው ላይ ጸሐፊ ነበር። አንድ ጊዜ ለአባቷ ደብዳቤ ሊያደርስ መጥቶ፣ ደጃችን ላይ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ሊነሣ ሲል ጭቃው አንሸራተተውና በደብዳቤው ላይ ተቀመጠ። አስካለ ሳቀች። እሱም ከተቀመጠበት ሆኖ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጄ ወጥ ሁሉ ጨው በዛበት። አባቷ ነገሩ ገባቸውና ወደ ቡሬ ቃል ላኩ፤ እንግዲህ ሽማግሌ ይምጣ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንጠብቃለን ብለው።

የፈራሁት ግን ሌላ ነበር። ሁሩሙ አካባቢ አንድ ባላምባራስ ነበሩ፤ ጫካው ሙሉ ቀፎ የእሳቸው ነው። ሁለት ሚስት ቀብረው ሦስተኛ እያሰቡ ነው ይባላል፤ አስካለንም በገበያ አይተዋታል ይባላል። ከባለቤቴ በአሥር ዓመት ይበልጣሉ። ባላምባራሱን እምቢ ማለት ይቻላል፤ ግን በአፍ በደንብ ተናግሮ፣ በሽማግሌ ፊት፣ አክብሮ ነው። ለዚህ ደግሞ ባለቤቴ እንጂ እኔ አልተፈጠርኩም።

ያቺ እሁድ ሰማዩ ከንጋት ጀምሮ ያንጠባጥባል። ባለቤቴ የእኛን ወገን ሽማግሌ አስከትለው ሊመጡ በቤተ ክርስቲያን ቀርተዋል። አስካለ ጓዳ ገብታለች። ታናሿ ጥሩወርቅ፣ ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል፣ ቀሚሴን ይዛ አትለቅም። እኔ ብርዙን በጥብጬ፣ መራራውን አጥልዬ፣ ስድስቱን መለኪያ በትሪ ደርድሬ ስጨርስ ደጁ ላይ የኦሮምኛ ሰላምታ ተሰማ።

«ቤቶች! አካም ቡልተን?»

ብቅ ብል ሦስት ሽማግሌዎች፤ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ እስከ ጉልበት ጭቃ። የቡሬዎቹን አይቻቸው አላውቅም፤ ታዲያ ሌላ ማን ይሆናል? ሁለት ቀን በዝናብ ተጉዘው የመጡ መስሎኝ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! አባወራው አሁን ይመጣሉ። አረፍ በሉ!»

ገቡና ቆሙ። ሽማግሌ የመጣበት ሳይሰማ አይቀመጥም። አለቃቸው፣ ኋላ ጋሼ ደስታ እንደሚባሉ ያወቅሁት፣ ጢማቸው ደረታቸውን የሸፈነ ሰው ናቸው። ጢሙ ውሃ ያንጠባጥባል። ከጢሙ የሚወርደውን ውሃ እያየሁ፣ ብርድ መቷቸው በእኔ ቤት ቢሞቱስ ብዬ ፈራሁ። ትሪዬን አነሣሁ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አሉ ጋሼ ደስታ። «ጉዳያችን ሳይሰማ እህል ውሃ አንቀምስም።»

ይህን ማንም ያውቃል። አማላጅ ሽማግሌ ቃሉ ሳይሰማ አይቀምስም፤ ከቀመሰ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። እኔ ግን ለቡሬዎቹ መስጠታችን አይቀርም ብዬ፣ ደግሞም ያንን ጢም አላስችል ብሎኝ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ደፈርኩ።

«ይቺ እኮ መጠጥ አይደለችም፣ ጋሼ» አልኩ። «ሆድ መክፈቻ ናት። የፈረንጅ ነገር ናት፤ ከመጠጥ አትቆጠርም።»

ተያዩ። ጋሼ ደስታ ጣታቸውን ሰደው መለኪያዋን አነሡ፤ ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩዋት፤ ጨለጧት። ሁለቱም ተከተሉ። ከዚያ ሦስቱም፣ እንደ ሕፃን፣ ፈገግ አሉ።

«ተባረኪ» አሉ ጋሼ ደስታ፣ እየተቀመጡ። «እንዲህ ይቀለናል ብለን መቼ አሰብን! ባላምባራስ ምንኛ ደስ ይላቸው!»

«የቱ ባላምባራስ?»

«የእኛው ነዋ፣ የሁሩሙው።»

ትሪው ከእጄ አመለጠ። ሦስቱ ሙሉ መለኪያዎች እንዴት እንዳልተሰበሩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ጋሼ ደስታ አንዱን በአየር ላይ ያዙት፣ ሁለቱ ጋቢ ላይ አረፉ። ጓዳ ውስጥ አስካለ «እምዬ ገደለችኝ!» ብላ አለቀሰች። ጥሩወርቅም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ አለቀሰች። እኔም ልቀላቀላቸው ስል ደጁ ላይ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ቤቶች! ከቡሬ ነው የመጣነው!»

እነዚህም ሦስት፤ ከፊተኞቹ ይልቅ የበሰበሱ፣ ከፊተኞቹ ይልቅ የደከሙ። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሲያዩ ሌሎች ሽማግሌዎች ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ በእጃቸውም ብርጭቆ አለ።

«ኧረ ተቀድመናል!» አለ አንደኛው ቀስ ብሎ። «እንመለስ፤ የሰው ደስታ አናበላሽ።»

ከጓዳው የሚመጣው ለቅሶ ጨመረ። ይሄዱብኛል ብዬ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። የሚሄድን ሰው በምን ይይዙታል? እጄ ሦስቱን መለኪያ እንደገና ሞልታ ነበር፤ ራሴ ምን እንደምታደርግ አላወቅሁም። «ኧረ ስለ እግዚአብሔር፣ እንዲህ ርሳችሁ! ሆድ መክፈቻ ናት፣ መጠጥ አይደለችም!» እያልኩ በየእጃቸው አስያዝኳቸው። ሰዎቹ ደንግጠው ጠጡ።

በዚህ ላይ ባለቤቴ ገቡ። ከኋላቸው የእኛ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባታችን መምሬ ተከትለዋል። ባለቤቴ ወዲህ አዩ፣ ወዲያ አዩ፣ ስድስት ባዶ መለኪያ ቆጠሩ።

«ምን ሰጠሻቸው?»

«ሆድ መክፈቻ።»

«ለየትኞቹ?»

«ለሁለቱም።»

በትዳራችን ውስጥ ባለቤቴ ወለል ላይ ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጭቅጭቁ ተነሣ። ጋሼ ደስታ «ቀምሰናል፤ ጢማችን ምስክር ነው፤ ልጅቷ ተሰጥታለች» አሉ። የቡሬው አለቃ «እኛም ቀምሰናል፤ ጢም ባይኖረንም ጉሮሮ አለን» አለ። ከእኛ ወገን አንዱ «የፊተኛው ይጸናል» ሲል፣ ሌላው «የተጠራው እንጂ ሳይጠራ የመጣው አይጸናም» ይላል። አንዱ ጎረቤታችን ደግሞ ዝናቡን ሽሽት ገብቶ፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ ሁለቱንም ወገን «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ ይስማል። ነገሩ ወደ መምሬ ተመለሰ፤ ይፍረዱ ተባለ።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያላየሁትን አልፈርድም፤ መጀመሪያ መጠጡን አምጡ» አሉ።

ሰጠኋቸው። ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ።

«አልተለየልኝም» አሉ። ሁለተኛ ሰጠኋቸው።

ሁለተኛዋን ሲጨርሱ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉ፤ «ይህቺ መጠጥ ከሆነች፣ ሁሩሙ ጠጥቷል፣ ቡሬም ጠጥቷል፤ እንግዲያውስ አንዲት ልጅ ለሁለት ባል ተሰጥታለች። በቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት ሁለት ባል የላትም። ስለዚህ ይህቺ መጠጥ አይደለችም። ማንም አልቀመሰም። ማንም አልተሰጠም። ተነሥታችሁ ቁሙና እንደ ሥርዓቱ ጠይቁ።»

ሁላችንም ጋሼ ደስታን አየን። እሳቸው ይህን ፍርድ ካልተቀበሉ ነገሩ እስከ ጎሬ አደባባይ ይሄዳል፤ ልጄም በየአደባባዩ የምትወራ ትሆናለች።

«መጠጥ ካልሆነች ምንድን ናት?» አሉ ወደኔ ዞረው።

«ሆድ መክፈቻ ናት፣ ጋሼ» አልኩ።

ያን ጊዜ ሆዳቸው፣ ያንን ሁሉ ጢም አልፎ፣ ቤቱ ሁሉ የሰማው ጩኸት ጮኸ።

«እውነትዋን ነው» አሉ ጋሼ ደስታ። «ከተወለድኩ እንዲህ ርቦኝ አያውቅም።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የሁሩሙ ሽማግሌዎች ተነሥተው ቆሙ፤ ስለ ባላምባራሱ እንደ ሥርዓቱ ጠየቁ። ባለቤቴም ከወለሉ ተነሥተው፣ አክብረው፣ ልጃችን ቃል አለባት ብለው መለሱ። ቀጥሎ ቡሬዎቹ ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ጓዳ ውስጥ ለቅሶው ሳይቋረጥ እልልታ ሆነ። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ ከሁሉም የበሉት ጋሼ ደስታ ናቸው።

ሲወጡ በር ላይ ጠጋ አሉኝ። «እትዬ፣ ስለ ባላምባራስ አይጨነቁ፤ የምላቸውን እኔ አውቃለሁ።» ቀና ብለው ደጁን አዩና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም ፈርቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ትልቅ ጢም ያለውም ሰው እንደሚፈራ ያን ቀን አወቅሁ።

ሠርጉ ደረሰ። እኔ ደግሞ አዲስ ነገር ፈራሁ፤ የአስካለ አማት ቡሬ ላይ ስም ሲያወጡላት ባትሰማስ? ቡሬ ደግሞ ደንቆሮ የሚፈውስ ጠበል የለም። ምን ላድርግ? ለሚዜዎቹ አንድ ጠርሙስ ሆድ መክፈቻ አስያዝኩ፤ ለአማቲቱ፣ ከእኔ፣ ልባቸው እንዲራራ ብዬ።

አማቲቱ ስሙን ወር ሙሉ ሲያዘጋጁ ከርመዋል አሉ፤ ትልቅ፣ ረጅም፣ የሚያምር ስም። ከመሶቡ በፊት አንድ መለኪያ ቀመሱ። ጣማቸው፤ ደገሙ። ተነሥተው ሊናገሩ ሲሉ ስሙ ጠፋቸው። ጣራውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ እህታቸውን አዩ። ሕዝቡ ይጠብቃል።

«ማነው ስምሽ፣ ልጄ?» አሉ በመጨረሻ።

«አስካለ።»

«እንግዲህ አስካለ ብዬሻለሁ!»

እልል ተባለ። ስሙ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ልጄ ቡሬ ላይ ሦስት ልጆች ወልዳ፣ ይኸው አስካለ ናት። ይህን በሰማሁ ጊዜ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ ምክንያቱን ማንም አልጠየቀኝም።

ባለቤቴ ካረፉ አራት ክረምት ሆኗል። እሁድ አሁንም ብርዝ እበጠብጣለሁ፤ ልማድ ነው። የልጅነት ስሜን የሚያውቅ መቱ ላይ አንድም ሰው የለም። አንዳንድ እሁድ መለኪያዬን ይዤ ቁጭ ስል፣ ከኋላዬ የተጠራሁ ይመስለኝና «አቤት» እላለሁ። ጥሩወርቅ «ማን ጠራሽ፣ እምዬ?» ትለኛለች። «ነፋስ ነው» እላታለሁ።

ጋሼ ደስታ አልቀሩብኝም። ባላምባራሱ ከሞቱ ወዲህ፣ ለመቱ ገበያ በመጡ ቁጥር አንድ ገንቦ ነጭ ማር ያመጡልኛል፤ መለኪያቸውን ያነሡና «መጠጥ አይደለችም!» ብለው ይስቃሉ፤ ይጨልጧታል። አንድ ቀንም እምቢ ብለው አያውቁም።

ባለፈው እሁድ መጡ። ጋቢያቸው አዲስ ነው። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። «ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው፤ አልተቀመጡም። ትሪውን አቀረብኩ፤ እጃቸውን አልዘረጉም።

«ጋሼ፣ ምነው? ሆድ መክፈቻዋ እኮ ናት።»

«ዛሬስ አንቀምስም፣ እትዬ» አሉ፣ ጢማቸውን እየዳሰሱ። «መጀመሪያ ጉዳያችን ይሰማ። የልጅ ልጄ ነገር ነው።»

ጓዳ ውስጥ ጥሩወርቅ አንድ ነገር ጣለች። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ነው፤ እሷም እንደምታውቀው ጨው የበዛበት ወጧ ከነገረኝ ቆይቷል። ቤቱ ግን ባዶ ሊቀር ነው። ባለቤቴ ቢኖሩ መልሱን ይናገሩ ነበር፤ አሁን የምናገረው እኔ ነኝ። አንዷን መለኪያ አነሣሁና ራሴ ጨለጥኳት።

«ሰምቻለሁ» አልኳቸው። «እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ፤ አማቷ ስም ለማውጣት ከመነሣታቸው በፊት፣ ከዚህቺ ሁለት መለኪያ ይጠጡ።»